መሪው ያደሩበት ክፍል

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ መውጣቱን ግን ረሳው። ድንቹ ሳይለቀም መሬት ውስጥ በሰበሰ። ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄደ። መንገዱ ተራራው ሥር ተናደና የጭነት መኪና መምጣት አቆመ። ቀጥሎ ሳል ገባ። ሳሉ በሕፃናት ጀመረ፣ ወደ ሽማግሌዎች ዞረ፣ ኋላ መምረጡን ተወ። አናጺው ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ጣውላ ሲያልቅበት የራሱን መደርደሪያ ነቀለ። ባለሱቁ ባዶ የዱቄት ጆንያ ገልብጦ ሲያራግፍ ታየ። ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ማለቱን ትቶ «ማን ቀረ?» ይባባል ጀመር።

የእንግዳ ማረፊያው ከከተማው መግቢያ ላይ የቆመ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ከታች ወጥ ቤትና የመመገቢያ አዳራሽ፣ ከላይ መኝታ ክፍሎች፣ ከኋላ ግቢ፣ ግቢው ጫፍ ላይ የማገዶ ቤት። በዚያ ክረምት እንግዳ የሚባል አልነበረም። የላይኞቹ ክፍሎች ስለሚያፈሱ ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ልጁ፣ ምራቱና ሦስት የልጅ ልጆቹ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃ ዙሪያ ተደራርበው ይተኛሉ። የአዳራሹን ወንበሮች አንድ በአንድ አንድደዋል። ጠረጴዛዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

የማያፈስ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ከደረጃው በስተቀኝ ያለው፣ መሪው ያደሩበት። የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ያለበሰው እሱን ብቻ ነው። የብረት ምድጃ አለው፤ አይነድም። ሰፊ አልጋ አለው፤ አይተኙበትም።

መሪው በዚያ ክፍል አንድ ሌሊት ነው ያደሩት። ጠዋት ጓንታቸውን እያጠለቁ፣ «ደህና ተኝቻለሁ። እመለሳለሁ፤ አልጋዬን አንጥፋችሁ ጠብቁኝ» አሉ። ሄዱ። የመሪ ቃል ትእዛዝ ነውና ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋው በየሳምንቱ ይነጠፋል፤ ማንም ያልተኛበት አንሶላ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይመለሳል። መሪው ሳይመለሱ ሞቱ። በሳቸው ቦታ የመጡት ተሾሙ፣ ተሻሩ። ትእዛዙን የሻረ ግን የለም። አንድ ጊዜ የመሪው ሾፌር የነበረ ሰው በዚያ ሲያልፍ ነገሩን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሳቸው እኮ ይህን በየማረፊያው ይሉት ነበር። እንደ ‹ደህና ዋሉ› ቁጠሩት» አለ። ሽማግሌው ሂሳቡን ተቀብሎ ሸኘው። በሳምንቱ አልጋው ተነጠፈ።

ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ሰው አልጋውን ለማየት ይመጣ ጀመር። የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ በሩ ላይ የእብነ በረድ ጽሑፍ ሰቀለ፤ ክረምት ክረምት ለቤቱ ጥቂት ዱቄትና ከሰል ይሰጣል። ውሉ አንድ ነው፦ ክፍሉ እንደነበረ ይቆያል፤ ማንም አይተኛበትም፣ እሳት አይነድበትም።

ሽማግሌውን የከተማው ሰው «አባ ዝም» ይለዋል። የማይናገር ሆኖ አይደለም፤ ቃል ሲያወጣ ገንዘብ ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው ስለሚሳሳ ነው። ሚስቱ ስትሞት እንኳ ድምፁ አልተሰማም። በቤቱ ውስጥ የሱን ዝምታ የምትደፍር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አጣቢዋ።

አጣቢዋ ወደዚያ ቤት የመጣችው በወጣትነቷ፣ ከባሏ ጋር ነው። ባሏ ጋሪ ጠጋኝ ነበር፤ ግቢው ውስጥ የመንገደኛውን ጋሪ ይጠግናል፣ ጎማ ያስራል፣ እያፏጨ ይውላል። መሪው በመጡበት ክረምት ጋሪ ጠጋኙ ሳንባውን ታሞ ነበር። ሽማግሌው ያኔ ጎልማሳ ነው፤ ደግ ሰው ስለነበረ በሽተኛውን ምድጃ ወዳለው ክፍል አስገባው። ድንገት አጃቢዎች ደረሱ። «የተሻለው ክፍል የቱ ነው? ይለቀቅ!» አሉ። ሽማግሌው በሽተኛውን በጀርባው አዝሎ ግቢውን አቋረጠና ማገዶ ቤት አስተኛው። መሪው እራት በልተው እንደተኙ ጋሪ ጠጋኙ ሞተ። ሚስቱ ለመጮኽ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው በመዳፉ አፈናት።

«መሪው ተኝተዋል። ጠዋት ሲሄዱ ታለቅሻለሽ» አላት።

ጠዋት መሪው ሄዱ። ግን ሕዝቡ አልጋውን ለማየት ግቢውን ሞላው፤ ይስቃል፣ ይገፋፋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። ጋሪ ጠጋኙ በጓሮ በር ወጥቶ ተቀበረ። ሰው ከግቢው ሲወጣ ሴትዮዋ ለማልቀስ ተቀመጠች፤ ለቅሶው እምቢ አላት። «ለቅሶ እንደ ዳቦ ነው፤ ካደረ ይደርቃል» አለች። ከቤቱም አልሄደች። ባሏ የወጣበትን አልጋ አንሶላ ስታጥብ ኖረች። በዓመት አንዴ፣ መሪው የመጡበት ቀን ሲደርስ፣ ሽማግሌውን ግቢ ውስጥ ታቆመዋለች።

«ጋሼ፣ ብድር አለብህ።»

«አውቃለሁ።»

«ለቅሶ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

ከዚህ ሌላ አይነጋገሩበትም። እሷ ወደ ገንዳዋ፣ እሱ ወደ ቁልፎቹ።

በዚያ ክፉ ክረምት ታዲያ ሁለት ነገር ባንድ ላይ መጣ። መጀመሪያ፣ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ወንዙ ትንሽ ጎደል ሲል በጀልባ ተሻግረው ክፍሉን ሊያዩ እንደሚመጡ ተሰማ። ሁሉ እንደነበረ ካገኙት የዓመቱን ዱቄትና ከሰል፣ ለሌሎቹ ክፍሎችም ቆርቆሮ ይሰጣሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ጢሙን ተላጨ። ሁለተኛ፣ አጣቢዋ በሳል ወደቀች፤ ግቢ ውስጥ ያለችው ክፍሏ ግድግዳም በዝናቡ ርሶ በላይዋ ተደረመሰ። ሽማግሌው ከጭቃው ውስጥ ጎትቶ አወጣት።

ልጁ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀው።

«አባዬ፣ እትዬን የት ልታስገባት ነው? ወጥ ቤት እንዳትል፤ ልጆቹ አሉ።»

«ላይ።»

«ላይ የት?»

ሽማግሌው በአገጩ ወደ ቀኝ አመለከተ። ልጁ ሳቀ፤ አባቱ በስተርጅና መቀለድ የጀመረ መስሎት ነው። ቀና ብሎ ሲያየው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አብደሃል? ሰዎቹ ዛሬ ነገ ሲባል ሊደርሱ ነው!»

«አልጋ ነው። ሰው ይተኛበታል።»

«አልጋ አይደለም! ዱቄት ነው! ከሰል ነው! ቆርቆሮ ነው! አልጋማ ቢሆን እኔው አልተኛበትም ነበር?» ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማገዶ ቤቱ ደረቅ ነው። ጥሩ አድርገን እናነጥፍላታለን። እኔ ራሴ ሳነድላት አድራለሁ።»

«ማገዶ ቤት አትገባም።»

«ለምን?»

«አንድ ሰው አስገብቻለሁ። ይበቃል።»

«ትንሿ ልጄ ትናንት ማሳል ጀምራለች። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

ሽማግሌው አጣቢዋን ደግፎ ደረጃውን ወጣ። ምራቱ ከታች ሆና ባሏን አየችው፤ ከዚያ ትራስ ይዛ ተከተለቻቸው። ሽማግሌው ከአዳራሹ አንድ ጠረጴዛ አውጥቶ በመጥረቢያ ፈለጠና ምድጃውን ለኮሰው። ጭስ ማውጫው ውስጥ የወፍ ጎጆ ስለነበረ ክፍሉ በጭስ ታፈነ፤ ሁሉም ሳሉ፤ ማን በበሽታ ማን በጭስ እንደሚስል አልታወቀም።

አጣቢዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አልተኛም አለች።

«በዚህ ጭቃዬ? ይህን አንሶላ ማን ሊያጥበው ነው?»

«እኔ።»

«አንተማ ካጠብከው መሪውም ከመቃብር ተነሥተው ይከሱሃል።»

አስተኟት። አንሶላውን በጣቷ እየዳበሰች፣ የተኮሰችውን እጥፋት እየፈለገች ነበር።

«ጋሼ።»

«እ።»

«አይመችም።»

«ምኑ?»

«አልጋው። መሃሉ ጎድጉዷል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳነጥፈው ስቀናበት ኖሬ! ሰውዬው ‹ደህና ተኝቻለሁ› ያሉት ለይሉኝታ ነው።»

ምራቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቀም፤ ግን ትራሷን ከፍ አደረገላት። ምራቱ ሾርባ ልታመጣ ስትወርድ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዝናቡ አዲሱን ቆርቆሮ ይደበድባል። እሳቱ ይዟል፤ ክፍሉ ከብዙ ዘመን በኋላ ሞቀ።

«እዚህ ጋ ነበር የተኛው» አለች አጣቢዋ። «ወደ መስኮቱ ዞሮ።»

«አዎ።»

«ስታዝለው ምን አለህ?»

ሽማግሌው ይህን ጥያቄ ጠብቆት አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ጠይቃው አታውቅም።

«‹ከባድ ነኝ?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«አይደለህም አልኩት።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሳትገልጠው ተናገረች። «እኔ ልጅ የለኝ፣ እህት የለኝ። እሱም በዝምታ ሄደ፤ እኔም በዝምታ ልሄድ ነው። ድመት ስትሞት እንኳ የሚያዝን ልጅ አይጠፋም።»

«በዝምታ አትሄጂም።»

«ማን ሊያለቅስልኝ?»

«እኔ።»

«አንተ?» ዓይኗን ገለጠች። «አባ ዝም? የገዛ ሚስትህ ስትሞት ያላለቀስክ?»

«አላለቀስኩም።»

«እንግዲያው ከአሁኑ ተለማመድ» አለች፤ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ሳሉ አንሶላውን ደም አደረገው። እሷም መጀመሪያ ያየችው አንሶላውን ነበር። «በቀዝቃዛ ውሃ ነው እሺ?» አለችው። «በሙቅ ካጠብከው አይለቅም።»

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከአጠገቧ አልተነሣም። ልጁ በሩ ድረስ እየመጣ ይመለሳል። ከታች የትንሿ ልጅ ሳል በወለሉ ሳንቃ አልፎ ይሰማል፤ ሽማግሌው አንዱን ሳል ከሌላው እየለየ ያዳምጥ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ልጁ ሰዎቹን ሊቀበል ወደ ወንዙ ወረደ። አጣቢዋ የሞተችው እሱ እንደወጣ ነው። እጇ ከሽማግሌው እጅ ውስጥ ነበር፤ ሸካራ፣ በሳሙና የተበላ እጅ። መቀዝቀዙ ከጣቶቿ ጀመረ።

ልጁ እየሮጠ ተመለሰ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

«ተሻግረዋል! አባዬ፣ መጡ! እትዬን ቶሎ...» አለና አልጋውን አየ። ቆመ። «መቼ?»

«አሁን።»

ልጁ በርከክ አለ። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የጥርሱን መውለቅ፣ የመጀመሪያ ሱሪውን የምታውቅ እሷ ናት። ፊቱን አንሶላው ውስጥ ቀበረ። ከዚያ ቀና አለ፤ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ስማኝ አባዬ። ዓይተው እስኪሄዱ ብቻ። ማገዶ ቤት እናሳርፋት። እኔ አልጋውን እሷ እንደምታነጥፈው አነጥፋለሁ፣ አመዱን እጠርጋለሁ። ዓይተው ይሂዱ። እነሱ ሲሄዱ እናለቅሳለን፤ እንደ ወግ እንደ ማዕረጉ።»

ሽማግሌው ይህን ንግግር ያውቀዋል። የራሱ ነው።

«አይሆንም።»

«ሞታለች! አትሰማም! የምትራበው እሷ አይደለችም፤ ያቺ ከታች ያለችው ናት!» ልጁ በጣቱ ወለሉን ጠቆመ። «ለሞተ ሰው ብለህ ያለውን ልትገድል ነው?»

እውነቱን ነው። ሽማግሌው ነገሩን ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው እውነትነቱ አልጎደለም። ተነሣ። ልጁ አባቱ የተስማማ መሰለውና እግሯን ያዘ። ሽማግሌው ብብቷ ሥር እጁን ሰዶ አነሣት። ቀላል ነበረች፤ እንደ ታጠበ ልብስ እንኳ አትከብድም። ወደ በሩ ተራመዱ። መድረኩ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆመ። አልደከመም፤ ቆመ።

«አባዬ፣ ና እንጂ!»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ተመለሰ። ልጁ እግሯን እንደያዘ ከመከተል በቀር ምርጫ አልነበረውም። አልጋው ላይ መልሰው አስተኟት። ሽማግሌው ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አወረደና ፀጉሯን በመዳፉ ወደ ኋላ አስተካከለ።

«አንተ ውረድ» አለው ልጁን። «እንግዶችህን ተቀበል።»

«ልትጨርሰን ነው።»

«ውረድ።»

ከታች ድምፅ ተሰማ። ጫማ ጭቃ ሲያራግፍ፣ ጃንጥላ ሲታጠፍ። ምራቱ ነገሩን አላወቀችም፤ ለጎብኚ ሁሉ የምትለውን በለመደችው ዜማ እያለች ደረጃውን ታወጣቸዋለች። «በዚህ ደረጃ ነው የወጡት። እጃቸውን ያሳረፉት እዚህ መደገፊያ ላይ ነው። ክፍሉ እንደነበረ ነው፤ ምንም አልተነካም...»

በሩ ክፍት ነበር። ፊት የገባው የቡድኑ ሰብሳቢ ነው፤ ወፍራም፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የረጠበ፣ በመንገዱ የተማረረ ሰው። ምድጃውን አየ። አመዱን አየ። ከዚያ አልጋውን አየ።

«ይህ ምንድን ነው? ማን ነው የተኛው?»

ምራቱ አፏን ያዘች። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ወለል ወለሉን ያያል።

ሽማግሌው አልጋው አጠገብ ቆሞ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ፤ ለብዙ ዘመን ያልተከፈተ በር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሰብሳቢው የታመመ መስሎት ሊይዘው እጁን ዘረጋ። በሦስተኛው መጣ። ከሆዱ ነው የመጣው፤ የሰው ይሁን የከብት የማይለይ፣ የክፍሉን መስታወት ያንቀጠቀጠ ጩኸት ነበር።

«ጋሪ ጠጋኙ! ወንድሜ! ወየው ጋሪ ጠጋኙ!»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የተኛችው ሴት አይደለች እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ማገዶ ላይ የጣልኩህ! በጀርባዬ ያወጣሁህ! ከባድ ነኝ ወይ ያልከኝ ወንድሜ! የሚስትህን አፍ ያፈንኩብህ! ወየው!»

ምራቱ የያዘችውን የክፍሉን ቁልፍ ከእጇ ጣለች። ስለ ጋሪ ጠጋኙ ከአጣቢዋ ሰምታለች፤ ገንዳው ዳር፣ ብዙ ጊዜ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ጎትታ ወገቧን አሰረችና ከሽማግሌው ጎን ቆማ ድምፅ ጨመረች። ጩኸቱ በመስኮቱ ወጣ። ከተማው ሬሳውን ዝም ብሎ መቅበር ከጀመረ ሰንብቶ ነበር፤ ሰው ድምፁ አልቆበታል። አሁን ከአናጺው ቤት አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ከባለሱቁ ቤት ሌላ። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። በጭቃው እየተንሸራተቱ ወደ ማረፊያው መጡ፤ ደረጃው ሳይደርሱ ማልቀስ ጀመሩ።

ሰብሳቢው ምድጃው ሥር ያለውን አመድ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። «ምድጃውም ነዷል» አለ ለባልደረቦቹ፤ በቁጣ አይደለም፤ እንደ ደከመው ሰው። ቆቡን አውልቆ ትንሽ ቆመና መልሶ አጠለቀው። ወረዱ። ልጁ ተከተላቸው። «ጌቶቼ፣ አንድ ጊዜ... ጌቶቼ፣ ልጆች አሉኝ...» ሲል ድምፁ ከታች ተሰማ፤ ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ። ልጁ ግማሽ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እያለፉት ወደ ላይ በሚወጡት ሴቶች መካከል ራሱን በእጆቹ ይዞ እሱም አለቀሰ፤ ለማን እንደሆነ ግን እሱ ያውቃል።

ክፍሉ በሰው ሞላ። አልጋውን ከበው ሴቶቹ ለሞተችው ያለቅሳሉ፤ ሽማግሌው ግን ገና ጋሪ ጠጋኙ ላይ ነው። ማፏጨቱን አነሣ፣ እጁን አነሣ፣ ያሰራቸውን ጎማዎች አነሣ፣ በጓሮ በር መውጣቱን አነሣ። ማንም አላቋረጠው። ጉሮሮው ተላጠ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ቢሆንም አላሳጠረም። ተራው የጋሪ ጠጋኙ ነበር።

የሱን ሲጨርስ ፊቱን በሁለት መዳፉ ጠረገ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ወደ አልጋው ዞሮ ለሷ ጀመረ።